ምድርን በስልክ የለኩት ፕሮፌሰር

ፕሮፌሰሩ ዘንድሮ በጥር አረፉ። ቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። የት እንደተወለዱ፣ የት እንደተማሩ፣ ከውጭ አገር ምን ዲግሪ ይዘው እንደተመለሱ፣ ስንት ዘመን እንዳስተማሩ። አንድም ውሸት የለበትም። ግን የእኛ አገር የሕይወት ታሪክ ንባብ ሁሌም ቅር ይለኛል። ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ብትቀይረው ለጎረቤትም ይሆናል። ሰውየውን ምን ያስቀው ነበር? በምን ይናደድ ነበር? እሱ አይነበብም።

አጠገቤ የቆመው የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «9.77ን ሳያነሷት ሊጨርሱ ነው» አለኝ። ቀብር ላይ መሳቅ ነውር ነው። አንገቴን ደፍቼ ሳቄን ዋጥኩት።

ስለዚህ እዚያ ያልተነበበውን እዚህ ልጻፈው። ስማቸውን አልጠራም። እሳቸውም ስማቸው በትልቁ ተጽፎ ማየት አይወዱም ነበር። ያስተማሯቸው ልጆች ሁለት አንቀጽ ሳያነቡ ያውቋቸዋል።

በእኛ ጊዜ ፊዚክስ አይመረጥም፤ እንደ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ይደርሳል። ፎርሙ ላይ ሕክምና፣ ኢንጂነሪንግ፣ ፋርማሲ እያልክ ትሞላለህ። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስምህን ፊዚክስ ሥር ታገኘዋለህ። እናቴ ስነግራት ትንሽ ዝም ብላ «ምነው፣ ውጤትህ ጥሩ አልነበር እንዴ?» አለችኝ። ሰፈር ውስጥም የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ «አይዞህ» ይለኝ ነበር።

አራት ኪሎ ግቢ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ እንዲህ ኩርፍ ብለን ተቀምጠን ሳለ ገቡ። አጠር ያሉ ሰው ናቸው። ነጭ ጋዋናቸው ኪሱ አካባቢ በጠመኔ ብናኝ ሌላ ነጭ ሆኗል። «ፊዚክስን አንደኛ ምርጫው ያደረገ እጁን ያውጣ» አሉ። ሦስት አራት እጅ ወጣ። «እናንተ ትንሽ ታስቸግሩኛላችሁ። ፊዚክስ ምን እንደሆነ የምታውቁ ይመስላችኋል።» ወደቀረነው ዞሩ። «እናንተ ምንም አትጠብቁም። ጥሩ ነው፤ ከእናንተ እንጀምራለን።»

ከኪሳቸው ክር የታሰረበት ብሎን አወጡ። ይህ ብሎን ከእሳቸው ተለይቶ አያውቅም። አንዳንዴ ፔንዱለም ይሆናል፣ አንዳንዴ ግድግዳ መጣመሙን የሚያዩበት ቱንቢ ይሆናል፣ ስብሰባ ላይ ሲሰለቹ ደግሞ ጣታቸው ላይ ይጠመጥሙታል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ነገሩ ከበድ ሲል ግን ጠመኔውን ያስቀምጡና በአማርኛ ይጀምራሉ። ኳንተም ላይ ስንደርስ አማርኛው በዛ።

አሁን ወደ 9.77 ልመለስ።

የመጀመሪያ ዓመት ላብ ውስጥ የፔንዱለም ሙከራ አለ። ክር ላይ የተንጠለጠለች ኳስ ታወዛውዛለህ፣ በስቶፕዎች ጊዜዋን ትይዛለህ፣ ከክሩ ርዝመትና ከጊዜው ተነስተህ የምድርን ስበት ታሰላለህ። ችግሩ መልሱን ሁሉም ሰው አስቀድሞ ማወቁ ነው። ከሃይስኩል ጀምሮ 9.8፣ ሲራቀቅ ደግሞ 9.81 እየተባለ ነው ያደግነው። ስለዚህ ሪፖርቱ ከኋላ ወደ ፊት ይሠራል። መጀመሪያ መልሱ ይጻፋል፣ ከዚያ ሠንጠረዡ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች እየተገፉ ወደ መልሱ ይወሰዳሉ። ይህ ጥበብ ከሲኒየር ወደ ጁኒየር ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው።

ሪፖርቶቹ ሲመለሱ ክፍሉ ግራ ገባው። ብዙዎቹ ላይ ውጤት የለም። በቀይ እስክሪብቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ተጽፏል፦ «ይህ ሙከራ የት ነው የተሠራው?»

አንዱ ደፋር «ላብ ውስጥ ነው ፕሮፍ» አለ።

«የማን አገር ላብ?»

ዝም አልን። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ምድርን ሳሉ። ክብ አልነበረችም፤ ወገቧ ላይ ትንሽ አበጥ አደረጓት። ምድር ስለምትሽከረከር ወገቧ ወጣ ብሏል አሉ። እኛ ከምድር ወገብ የራቅነው 9 ዲግሪ ብቻ ነው። በዚያ ላይ አራት ኪሎ ከባሕር ጠለል 2400 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ሁለቱም ከምድር እምብርት ያርቁናል፤ መሽከርከሩ ራሱም የሚቀንሰው አለ። ተደማምሮ እዚህ ያለው ስበት 9.77 ገደማ ነው። 9.81 የለንደን ቁጥር ነው። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ሰፈራቸው ላይ ለክተው አገኙት፣ ትክክል ነው፣ የራሳቸው ነው። «አራት ኪሎ ቆሞ 9.81 ያገኘ ሰው ወይ ሰዓቱ ተበላሽቷል ወይ ላብ አልገባም።»

ከዚያ ጤፍ አመጡ። በቃል ነው እንጂ በእውን አይደለም። ለንደን ላይ በተስተካከለ የስፕሪንግ ሚዛን አንድ ኩንታል ጤፍ አዲስ አበባ ላይ ብትመዝን ወደ 400 ግራም ጎድሎ ታገኘዋለህ። ነጋዴው አልሰረቀህም። ጤፉም አልፈሰሰም። ሚዛኑ ነው ያለው እንግዳ አገር። ክፍሉ ውስጥ ከነጋዴ ቤተሰብ የመጣ አንድ ልጅ ነበር፤ ይህን ሰምቶ ደብተሩ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ምን ሊያደርግበት እንዳሰበ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሙሉ ውጤት ያገኘችው አንዲት ዝምተኛ ልጅ ናት። ያገኘችው ቁጥር 9.74 ነው። ወረቀቷ በስርዝ ድልዝ የተሞላ ሲሆን ዳር ላይ «እዚህ ጋ በሩ ተከፍቶ ነፋስ ገብቷል፣ ስለዚህ ደግሜዋለሁ» ብላ ጽፋለች። ፕሮፌሰሩ ይህችን ዐረፍተ ነገር ጮክ ብለው አነበቧት። «ይህች ልጅ ላብ ውስጥ ነበረች» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ በተለያየ መልክ ተመሳሳይ ነገር ነው ያስተማሩን ብል ማጋነን አይሆንም። ቴርሞሜትሩን የፈላ ውሃ ውስጥ ነክረን 92 ዲግሪ ሲያሳይ «ተበላሽቷል» ብሎ ሊመልሰው የሄደ ነበር። አልተበላሸም። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሳሳ ውሃ 100 ሳይደርስ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላው ለምን እሳት ላይ እንደሚያድር እናቶቻችን ከእኛ በፊት ያውቁታል፤ ምክንያቱን የሚነግራቸው ነው ያጡት።

እኔ ከሁሉም የምወደው የኮምፓሶቹን ነገር ነው። በእርዳታ የመጡ ኮምፓሶች አንድ ካርቶን ሙሉ መደርደሪያ ላይ ነበሩ። መርፌያቸው አንድ ጎኑ ወደ ታች ያዘቀዝቅና መስተዋቱን ወይም ወለሉን እየነካ አልዞርም ይላል። «ብልሽት» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ቀደው ጣሉት። አውሮፓ ውስጥ የምድር መግነጢስ መርፌውን ወደ መሬት ይጎትተዋል፤ ለንደን ላይ ከ60 ዲግሪ በላይ ያዘነብላል። ስለዚህ ፋብሪካው መርፌው እንዲስተካከል በሌላኛው ጫፍ ትንሽ ክብደት ይጨምራል። አዲስ አበባ ግን መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በቅርቧ የሚያልፍ ከተማ ናት። እዚህ የምድር መግነጢስ ከመሬት ጋር አግድም ነው ማለት ይቻላል፤ ወደ ታች የሚጎትት ነገር የለም። የተጨመረው ክብደት ብቻውን ይቀርና መርፌውን ያጣምመዋል። «ደህና ናቸው፤ ለሌላ አገር ምድር ተሠርተው ነው» አሉን። በምላጭ ክብደቱን እየፋቅን አስተካከልናቸው። ግማሾቹን ሰበርናቸው መሰለኝ፣ ግን የዳኑት ልክ እንደ ጠረጴዛ ጋደም ብለው ሰሜንን አሳዩ።

ግቢው ውስጥ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪም የመጣው በዚሁ ምክንያት ነው። በ1950 ዓ.ም. ገደማ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲታወጅ፣ ለመግነጢሳዊው ወገብ እንዲህ የቀረበ ጣቢያ ለሳይንሱ ውድ ነበር። ፕሮፌሰሩ እዚያ ይዘውን ሲሄዱ ድምፃቸው ይቀየር ነበር። ዓለም እዚህ መጥቶ መለካት የፈለገው ነገር አለ፣ ተማሪው ግን ከጎኑ አልፎ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል ይሉ ነበር።

መልአክ ናቸው ልል አይደለም። የፈተና ወረቀት ለማረም ዘመን ይፈጅባቸዋል። አምስት ደቂቃ ያረፈደ ሰው በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል፤ ዝናብም ሆነ የታክሲ ሰልፍ አይሰሙም። ስላይድ አይጠቀሙም። «ስላይድ ላይ ያለ ፎርሙላ ማን እንዳወጣው አይታወቅም» ይላሉ። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሲሙሌሽን ለእሳቸው ጌም ነው። እዚህ ላይ ተከራክሬያቸው አውቃለሁ፣ አሁንም አልስማማም። ኮከብን ላብ ውስጥ ማስገባት አይቻልማ። በአንድ ነጥብ ኤፍ ያሳቀፉት ጓደኛዬ ደግሞ ቀብራቸው ላይ ከሁሉም ቀድሞ ነበር የመጣው። ግን ያችን አንድ ነጥብ ይቅር ብሏል ብዬ አልምልም።

ብሎኗን፣ ስበቱን፣ ኮምፓሱን ሁሉ ከተማው ያወቀላቸው ግን በሚያዝያ ነው።

ፀሐይ አዲስ አበባ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል አናት ላይ ትሆናለች። አንዱ ነሐሴ መጨረሻ ነው። እሱ ደመና ነው፣ ማን ያያታል። ሌላው ሚያዝያ 5 ገደማ ነው። ሰዓቱ 6 ሰዓት ከ25 ነው። ልክ 6 ሰዓት ያልሆነው የአገሪቱ ሰዓት የተቆረጠው ከእኛ በስተምሥራቅ፣ ኦጋዴን ላይ በሚያልፍ መስመር ስለሆነ ነው። ያኔ አራት ኪሎ ያለው የድል ሐውልት ጥላ አይኖረውም። የነበረው ጥላ እያጠረ እያጠረ መጥቶ ሐውልቱ እግር ሥር ይገባል። ሚያዝያ 27 የአበባ ጉንጉን የሚቀመጥበትን ቦታ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ እዚያው ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚሆን ግን ስንቱ ያውቃል?

ጋዜጣ ተከራይተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በሚያነቡት ሰዎች መሐል ዱላችንን አቁመን፣ በብሎኗ ቀጥ ማለቱን አይተን እንጠብቃለን። ዱላው ልክ 1 ሜትር ነው። አንድ ጊዜ ጥበቃ መጣ። አካባቢው ቤተ መንግሥትም ፓርላማም የሚቀርበው ነውና አይፈረድበትም።

«ምንድን ነው የምትለኩት?»

«ምድርን» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ፈቃድ አላችሁ?»

«የዚህን ዱላ ጥላ አሳየኝና ፈቃዱን አመጣለሁ።» ሰውየው ጎንበስ ብሎ ዱላውን ዞረው። ጥላ የለም። የራሱንም ፈለገ፤ ጫማው ሥር ተኮማትሯል። ኮፍያውን አውልቆ ወደ ላይ ቀና አለና ዓይኑን ጨፈነ። እስክንጨርስ ድረስ ከእኛ ጋር ቆመ፤ እንዲያውም ወደ ዱላው የሚጠጉ መንገደኞችን እሱ ይመልስልን ጀመር።

ጥላ አልባው ዱላ ግን ግማሹ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ መቐለ ነበር። የቀድሞ ተማሪያቸው እዚያ ሃይስኩል ያስተምራል። መቐለ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ናት ማለት ይቻላል፤ ወደ ምሥራቅ የምትሄደው በጣም ትንሽ ነው። እሱም በዚያው ቀን 1 ሜትር ዱላ ያቆማል። ፀሐይ እሱን 3 ደቂቃ ያህል ቀድማ ስለምትደርስበት ከ6 ሰዓት ከ22 ጀምሮ ይዘጋጃል። ከዚያ በስልክ የጥላውን ርዝመት ይናገራል። 7.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ይህ ማለት ፀሐይ እዚያ ከአናት አራት ተኩል ዲግሪ ገደማ ዘንበል ብላለች፤ ሁለቱ ከተሞች በምድር ክብ ላይ የሚራራቁትም በዚያው ያህል ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል በአየር 500 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። በመኪና ከ700 ይበልጣል፣ ግን መንገዱ ስለሚጠማዘዝ እሱን አንቆጥርም። አራት ተኩል ዲግሪ 500 ኪሎ ሜትር ከሆነ ሙሉው ክብ ስንት ነው? 360ን ለአራት ተኩል ማካፈል 80 ነው። 80 ሲባዛ በ500፣ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር። የምድር ዙሪያ።

ዘዴው የጥንቱ የግሪክ ሊቅ የኤራቶስቴንስ ነው። ከ2200 ዓመት በፊት ግብፅ ውስጥ በአስዋንና በእስክንድርያ መካከል ሠርቶታል። ፕሮፌሰሩ ይህን አልደበቁንም፤ ግን የሚነግሩን ስሌቱ ካለቀ በኋላ ነው። መጀመሪያ ራሳችን ምድርን እንለካለን፣ ከዚያ ኤራቶስቴንስም እንደለካት እንሰማለን።

ተመርቄ ከወጣሁ በኋላም ሚያዝያ ላይ እሄድ ነበር። ባንክ ነው የምሠራው፤ እንደ ብዙ የፊዚክስ ምሩቅ። የምሳ ሰዓቴ ይመቸኛል። እሳቸውም ጡረታ ወጥተው እንኳ አላቋረጡም። ልኬቶቹን የሚጽፉባት ጠንካራ ልባድ ያላት ደብተር አለች። በእያንዳንዱ ዓመት ሁለት ቁጥር፣ የአዲስ አበባና የመቐለ። ደመና ከሆነ በማግስቱ ይሞከራል፤ አንድ ቀን ቢያልፍ ጥላው የሚለወጠው በ6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

በ2014 ሚያዝያ የመቐለ ስልክ አይሠራም ነበር። ጦርነቱ ነበር። ፕሮፌሰሩ ዱላውን አቆሙ፣ ጥላው ጠፋ፣ ሰዓቱ ደረሰ። ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። እንደማይነሳ ያውቃሉ። የተቀዳው ድምፅ እስኪጨርስ ሰሙትና ዘጉት። ደብተሯ ላይ ለአዲስ አበባ ዜሮ ጻፉ። የመቐለውን ቦታ ባዶ ተዉት።

አብሮን የነበረ አንድ ልጅ «ፕሮፍ፣ 7.8 መሆኑን እናውቀዋለን እኮ። በስሌት ይሙሉት» አላቸው። ለማጽናናት ነው።

«አልተለካም» አሉት።

ወደ ፒያሳ አቅጣጫ አብረን በእግር ወረድን። ማኪያቶ ጋበዙን። ስለዚያ ባዶ ቦታ ማንም አላነሳም። እኔ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰው በቁጥር እንዲህ ሲያዝን አላየሁም።

ስልኩ የተመለሰው በ2015 ታኅሣሥ ገደማ ነው። በዚያ ሰሞን ደወሉለት። ያወሩትን ሁሉ አልነገሩኝም። ማን እንደሞተበት፣ ምን በልቶ እንደከረመ፣ እሱን ለራሳቸው አስቀርተውታል። የነገሩኝ ይህን ብቻ ነው። ሊሰነባበቱ ሲሉ ሰውየው «ፕሮፍ፣ ያምናውን ለክቼዋለሁ» አላቸው። በ2014 ሚያዝያ፣ የሚነግረው ሰው በሌለበት፣ ዱላውን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አቁሞ ለክቶ ወረቀት ላይ ጽፎ አስቀምጦታል። 7.6 ሴንቲ ሜትር። ደብተሯን አየኋት፤ ባዶው ቦታ በሌላ ቀለም ተሞልቷል። አስልተውታል፤ 41 ሺህ ምናምን ኪሎ ሜትር ይወጣል፣ ስህተቱ ከ4 በመቶ በታች ነው። 7.8 ቢሉት ምድር የበለጠ ትክክል ትሆን ነበር። 7.6 ነው የተለካው።

ከእሳቸው ጋር ረዘም አድርገን ያወራነው መጨረሻ በ2017 ታኅሣሥ፣ የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ በተሰማበት ጊዜ ነው። ሌሊት ፎቁ ሲወዛወዝ ጎረቤቶቼ በደረጃ ይሮጣሉ። እኔም እየሮጥኩ እቆጥራለሁ፤ ምክንያቱም ሲነጋ ስደውልላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። «ስንት ሰኮንድ?» አሉ ገና ሃሎ ሳልል። ነገርኳቸው። ያኔ ነው «ደነገጥክ?» ያሉት። ስምጥ ሸለቆው በየዓመቱ በሚሊ ሜትር በሚለካ መጠን እየሰፋ ነው፣ አንዳንዴ ሥራውን ድምፅ አውጥቶ ይሠራል አሉኝ። ስለ ሰፈሩ ተጨዋወትን። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ መንገዱ ሰፍቶ ነበር። የለመዷቸው ቤቶች በመሄዳቸው ቅር ብሏቸዋል። አራት ኪሎ ላይ የሰፋው የእግረኛ መንገድ ግን ለዱላ ተመችቷቸዋል።

ከቀብሩ ሳምንት በኋላ ከመቐለ ስልክ ተደወለልኝ። ቁጥሬን ከቤተሰቦቻቸው ተቀብሎ ነው። እግዜር ያጥናችሁ ተባባልን። ከዚያ በቀጥታ «ዘንድሮ አራት ኪሎ ማን አለ?» አለኝ። እኔ አለሁ አልኩት። ብሎኗ ከልጃቸው ጋር ናት፣ ልትሰጠኝ ተስማምታለች። ደብተሯን ግን ለቤተሰቡ ትተናል፤ አዲስ ገዝቻለሁ።

ሁለታችን ስናወራ አንድ ሐሳብ መጣ። እሳቸው ሁልጊዜ ሦስተኛ ነጥብ ይፈልጉ ነበር፣ በደቡብ በኩል። ሐዋሳ ከእኛ 2 ዲግሪ ያህል ወደ ምድር ወገብ ትጠጋለች። በዚያን ቀን ፀሐይ ከሐዋሳ በስተሰሜን ስለምትሆን የ1 ሜትር ዱላ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፣ ርዝመቱም 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ቢጠጋ ነው። የመቐለው ወደ ሰሜን፣ የሐዋሳው ወደ ደቡብ፣ የእኛ የትም። ስለዚህ ሐዋሳ የምትኖሩ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 6 ሰዓት ከ26 ላይ ሜዳ የምታገኙና ቀጥ ያለ 1 ሜትር ዱላ ያላችሁ ካላችሁ ተዘጋጁ። ጥላውን በሚሊ ሜትር ነው የምፈልገው። ያገኛችሁትን ጻፉ፣ 3.4 ባይሆንም።